አረፋው የወጣበት

አዳማ መውጫ ላይ፣ በጅቡቲው በኩል፣
ጎማ የምሰቅል፣ ጎማ የምነቅል፣
ጎሚስታ ነኝ እኔ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ
በዚች ቆርቆሮ ሥር፣ በክሪክ በጉልበቴ።
ታውቁት የለም ወይ የአዳማን ነፋስ፣
ከጉርሻ ጋር አብሮ አቧራ ሲያጎርስ?
ከጋራው አናት ላይ ነጭ ክንፍ ያዞራል፤
እዚህ የኔን ጣራ ገልብጦ ይጥላል።

ልኬለሽ ሚስቴ ናት። ኩላሊቷ ደክሞ
ሐኪሙ ከወረቀት ዓይኑን ቀና አድርጎ፣ ቆሞ፣
«ሁለቱም» ሲለን ነው፣ ያኔ ነው የጀመርኩት
እግዜርን እንደ ደንበኛ በዋጋ የሞገትኩት።
አድናትና ጃንጥላ፤ አድናትና ምንጣፍ፤
አድናትና በየወሩ እሽግ ሙሉ ጧፍ።
እሱ ግን ዝም አለ። አልጨመረ፣ አልቀነሰ፤
የኔው ድምፅ ብቻ ወደኔው ተመለሰ።

ኮምፕረሰሩ ተሸጠ። ቀጥሎም አልጋችን፤
ከዚያ የጋብቻው ቀለበት ከጣታችን።
በሳምንት ሁለት ቀን ከማሽኑ ታስራ
ደሟ በላስቲክ ቱቦ ወጥቶ ሲገባ በተራ፣
እኔ በእጅ ፓምፕ የካሚዮን ጎማ
ስነፋ እውላለሁ፣ ትንፋሼ እስኪደማ።

እሷ «ተመስገን» ትላለች። ያ ቃል ያንገበግበኛል።
«ለምኑ ነው?» እላታለሁ፤ «ለየትኛው? ይገርመኛል።»
«ሐኪሙ የለካልኝን ግማሽ ብርጭቆ ውሃ
አጣጥሜ ጠጣሁ፤ መች ነበርኩ እኔ ድሃ?»
የማርያም ደወል በማለዳው ሲሰማ
ድምፁን እንዳልሰማው ደበደብኩ ጎማ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ቱፋ ሾፌሩ መጣ፣
ከጋላፊ በሌሊት ጭነት ይዞ የወጣ።
«ይህቺን ካላማዳሪ ሦስት ሰው አይቷታል፤
ቀዳዳዋ አይገኝም፣ አየሩ ግን ያልቃል።»

ነፋኋትና በእጄ ከበርሜሉ ነከርኳት፤
አልሰምጥም ብላ ስትታገል በጉልበቴ ደፈቅኳት።
ዞረች። ምንም። ደግሜ። አሁንም የለም ምንም።
መብራት ጠፍቷል፤ ቱፋ ስልኩን አብርቶ ቆሟል ዝም።
በሦስተኛው፣ ከስፌቱ ጥግ፣ የሰናፍጭ ታህል
አንዲት አረፋ ብቅ። ሌላም ደግሞ ከተል።

እጄ ውሃ ውስጥ ቀረ።
ስንት ወር ሙሉ ነበር «ጌታዬ፣ አሰጠምከኝ፤
ምን በድዬህ ነው ይህን ያህል የደፈቅከኝ?» ያልኩት።
ጎሚስታ ግን ጎማ ለማስጠም አይነክርም፤
ካልነከረም ደግሞ ቀዳዳውን አያገኝም።

ልኬለሽ የታመመችው እኔ እንድማር ነው አልልም፤
እንዲህ ያለ ጌታ ካለ፣ እኔ እሱን አላውቅም።
ብቻ አረፋው ከየት እንደወጣ አየሁት፤
«እኔ ነኝ የማቆማት» ብዬ ከሰፋሁት።

ማስቲሽ እንዲይዝ ጎማው መጀመሪያ ይፋቃል፤
ለስላሳ ላይ የለጠፉት ውሎ ሳያድር ይለቃል።
ይህን ለረዳቶቼ ስንቴ ነገርኩ በአፌ፤
በራሴ ሲደርስ ጊዜ ጮህኩ ገና ሲነካኝ ጫፌ።

በማግስቱ ንጋት ሆስፒታል ሳደርሳት
ባጃጁን አስቁሜ፣ እሷን እዚያው ትቻት፣
ከደጀ ሰላሙ ቆምኩ፣ እጄ ዘይት እንደሆነ፤
ስለት የለ፣ ዋጋ የለ፤ ጸሎቴ ሁለት ቃል ሆነ፦
«አንተው ያዛት።»

ምንም አልተለወጠ። ማሽኑም ያው ማሽን ነው፤
የኮምፕረሰሩ ቦታ ዛሬም ወና ነው።
ነፋሱም ትናንት ማታ አንድ ቆርቆሮ ወስዷል፤
አላሳደድኩትም። ጠዋት ይፈለጋል።

ማታ እሷ ብርጭቆዋን ይዛ ስትቀመጥ
እኔም ግማሽ ቀዳሁ፣ ከሷ እንዳልበልጥ።
«ተመስገን» አልኩ ቀስ ብዬ። ሳቀች፤ ሰምታኛለች።
ቃሏ አፌ ውስጥ ገና ሸካራ ነች።

ሸካራ ነገር ግን ይይዛል።