አስታዋሽ

አስፋልቱ የሚያልቅበት፥ ፉሪ መዳረሻ፣
ከደናግሉ ክሊኒክ ከአጥሩ መጨረሻ፣
የቆርቆሮ አዳራሽ አለን፥ ዝናብ ሲጥል የሚጮኽብን፤
ቃል ስናጠና ድምፃችንን ከአፋችን ላይ የሚቀማን።
ሳምንቱን ስፌት ይማሩበታል፥ ወለሉ ክርና ቁራጭ፤
ቅዳሜ ከዘጠኝ ወዲያ የኛ ነው፤
የተዋናይ፥ የክራር መቺ፥ የእስክስታ ወራጅ።

ማኅበር ነን እንላለን፤ አሥራ ሰባት ሰው፥ አንድ ከበሮ፥ አንድ ክራር፤
መዋጮው ሃያ ብር፤ ያጣ ጸሎቱን ያዋጣል፥ አንጠይቅም ሌላ ነገር።
መድረካችን ሃያ የለስላሳ ሳጥን፥ ላዩ ኮምፔንሳቶ፣
መጋረጃችን የክሊኒኩ አንሶላ፥ በሻይ ቅጠል ውሃ ቀልቶ።

ከልምምድ በፊት አባ እስጢፋን ይጸልያሉ፦ "ጌታ ሆይ፥ ለነዚህ ልጆች፣
ላልተከፈላቸው፥ ላልተጨበጨበላቸው፥ ለሠርግ ቤት አጫዋቾች፣
እናታቸው 'መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?' ለምትላቸው ሁሉ
ድምፅ ስጣቸው፥ ጉልበት ስጣቸው፤ የታክሲም አታሳጣቸው" ይላሉ።
"አሜን" እንላለን። ፊሊሞን ክራሩን ይቃኛል፤
አልጋነሽ መቀነቷን ታጠብቃለች፤ ከበሮው አንዴ ያስነጥሳል።

እትዬ ሉቺያ ቦታዋ አንድ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ፤
በሹክሹክታ እንጀራ በላች፥ ከተማ መሐል፥ ዓመት አርባ።
ተዋናይ ቃል ሲጠፋው፥ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ፣
ከጨለማ ውስጥ ቃሉን የምትወረውርለት እንደ ገመድ።
ጭብጨባ አይደርሳትም፤ ስሟ ማስታወቂያው ላይ የለም፤
"አስታዋሽ" ነው ማዕረጓ፤
አስታዋሽ ግን አላገኘችም።
"መንፈስ ቅዱስም" ትለን ነበር፥ በሩን ስትከፍት፥ ስትስቅ፣
"እንደኔው ነው ልጆቼ፤ ከኋላ ሆኖ ሹክ ይላል፤ ፊት መታየት አያውቅ።"

ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር ሆነ። ብናይም አልተናገርን፤
አልጋነሽን "ማን ልበል?" አለቻት፤ ቁልፉን ከስኳር ዕቃ ውስጥ አገኘን።
"ሰላም ለኪ" ስትጀምር መሐል ላይ ትቆማለች፤
ዝቅ ባለ ድምፅ እንቀጥልላታለን፤ ደርሳ ትቀበላለች።

የፍልሰታ ዋዜማ ሰው ገባ፤ ወንበር አልበቃም፤
ኦርቶዶክሱ ጎረቤት ልጁን ታቅፎ ቆሟል፤ ጴንጤዋም አልቀረችም።
የኢያሪኮውን ዕውር ለማኝ ላምቤቦ ነው የሚሠራው፤
ዓይኑ በራ፥ ብድግ አለ፤
ከዚያ ቃሉ ጠፋው።
ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ይቆጠራል፤
ዓይኑ ወደ መጋረጃው ይሄዳል፤ የበራለት ሰው በዓይኑ ይለምናል።

መጋረጃው ሹክ አለ። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁ፤
የእኛ ቃል አልነበረም፤ የማላውቀው የድሮ የሠርግ ጨዋታ፤ ክው አልሁ፦
"ሙሽራዋስ የታለች?"

ላምቤቦ ምን ያድርግ? የወረደለትን ገመድ ያዘ፤
"ሙሽራዋስ የታለች?" አለ፤ አዲሱ ዓይኑ ሕዝቡ ላይ ዞረ፥ ፈዘዘ።
አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ራሱ አፈረ፥ ዝም አለ፤
ከኋላ አንድ ዘበኛ ተነሥተው ቆሙ፥ ሰው ሊገባ ነው ብለው መሰለ።

አባ እስጢፋን በኋላ፥ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፣
"ሙሽራዋማ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አልተሳሳተችም" አሉ፤ ሊያብራሩም ፈለጉ።
እኛ ሳጥን እያነሣን ነበር፥ አንሶላውን እያጣጠፍን፤
ስሕተት ይሁን ትንቢት ለመለየት አልደፈርን።

ማታ ክንዷን ይዤ እስከ መንገድ ሸኘኋት፤ ጭቃው አንሸራተተን፤
ከሰበታ የሚመጡ ከባድ መኪኖች በመብራታቸው ገለጡን፥ ደግሞ ከደኑን።
ደብተሯን እንዳቀፈች ቆም አለች፤ ፊቴን አየችኝ፤
ስሜን ፈለገች፥ አጣችው፤ ሹክ እንዳልላት አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ።
"ልጄ" አለችኝ በመጨረሻ፥ "ተውኔቱ ተጀመረ?"
ምን እንደምላት አላወቅሁም፤ የእኔም ቃል ተሰወረ።
ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ፥ ድምፁ በብርድ የሻከረ፣
በመስኮት ወጥቶ መለሰላት፦

"ዓለም ገና! ዓለም ገና! አንድ ሰው ነው የቀረው!"