የወፍጮ ቤት ግጻዌ

ፊደል አልቆጠርሁም፣ ደወልም አልሰማ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሞተር ሆኖኝ ዜማ።
ግን ከደምበጫ ወዲያ፣ ከተምጫ አፋፍ ላይ፣
ዓመቱን አነባለሁ፣ ከጆንያ አፍ ላይ።
ማን ጾመ፣ ማን ገደፈ፣ ቄሱ ሳይነግረኝ፣
ከቋቱ የሚወርደው፣ ጥሬው ነው የሚመክረኝ።

ጽጌ ብቅል ያመጣል፤ ሌሊት ለሚቆሙ፣
አበባዋን ጠርተው፣ ነግህ ለሚያዜሙ።
እሷ ውኃ ጠምቷት፣ በረሃ ስትዞር፣
እኔ ለስሟ ጠላ፣ ብቅል እፈጭ ነበር።
ይቅር በይኝ እንጂ፣ ምን እላለሁ ሌላ፤
የሰው ፍቅር እንዲህ ነው፣ ያለ ድግስ አይመላ።

ኅዳር ሲጋመስ ግን፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ፣
ቅንድቤ ቢጫ ነው፣ እንደ ኑግ አበባ፤
አተር ነው፣ ሽንብራ፣ በርበሬም አለበት፣
ማስነጠስ ነው ቃሌ፣ ለመጣው ጎረቤት።
ልደት ሲቃረብ ጤፍ፤ ቀድሞ ሊገለገል፣
ደጄን ይሞላዋል፣ አህያው እንደ ሰብአ ሰገል።

ዘወረደ፣ ሽሮ። ቅድስት፣ ሽሮ። ምኩራብም ያው ሽሮ።
መጻጉዕ አልጋውን ሲሸከም፣ እኔም ኩንታሌን ተሸክሜ፣ ሽሮ።
በደብረ ዘይት ማክሰኞ፣ ቀበቶው ተበጥሶ፣
ምጽአት መሰለኝ፣ አየሩ ዱቄት ለብሶ፤
ተንበርክኬ ቆየሁ።
ደቂቃ ያህል ነው፤ ኋላ ቀበቶውን ሰፋሁ።

ሕማማት ሲገባ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ።
ሰው በመንገድ ያልፋል፣ እጅ አይነሣም፣ አይሳሳምም፤
ሰላምታ በሌለበት ሳምንት፣ ደንቆሮ አይታወቅም።
ስድስት ቀን እኩል ነን፣ እኔና አገሩ።
ከዚያ የቅዳሜው ሌሊት፣ ከበሮው ሲመታ ከደብሩ፣
በጆሮዬ አይደለም፤
ጫማ አውልቄ ቆሜ፣ በውስጥ እግሬ ነው የሰማሁት፣
መሬቱ «ተነሥቷል» ሲል፣ ከታች የተቀበልሁት።

ሃምሳው ቀን ፍስክ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም ቅቤ፤
ድንጋዩን እወቅራለሁ፣ መሮ ይዤ፣ ቀርቤ።

ሐምሌና ነሐሴ፣ ቋቱ ይደርቃል።
ጎተራው ተጠርጎ፣ ዘሩ መሬት ገብቶ፣ የሰው ፊት ይጠቁራል።
የኔታ ልሳኑ፣ ዝናብ አባሯቸው፣ ቤቴ ገብተው ነበር፤
«ምን ላይ ነን፣ የኔታ?» አልኋቸው፤ ሰልችቷቸው በጩኸት መናገር፣
ከጠረጴዛው ብናኝ ላይ፣ በጣታቸው ቁራ ሣሉ፤
ከሥሩም ሁለት ትንንሽ፣ አፍ የከፈቱ፣ እናት የራቀቻቸው የሚመስሉ።
እጓለ ቋዓት።
ሲጮኹ የሚሰማቸው፣ አንድ ጆሮ ብቻ ያለበት ወቅት።

በማግሥቱ አንጓች መጣች፤ ነጠላዋ ውኃ፣ በእጇ አንዲት ጣሳ፤
አጃ ነው፣ እንክርዳድ ያለበት፤ ለዚያች ሞተር አይነሣ።
ባዶ ወፍጮ ደግሞ ሌባ ነው፤ የመጀመሪያዋን ጣሳ ለራሱ ይውጣል፤
ምን ይዛ ትመለስ? ቤቷ ስንት አፍ ይጠብቃል?

ናፍጣ ጨመርሁበት።
መዶሻ አንሥቼ፣ የቋቱን ጎን፣ የእጅጌውን ጨርቅ፣ ደጋግሜ መታሁት።
ወረደ፤
የጽጌው ብቅል፣ የገናው ማኛ፣ የጾሙ ሽሮ፣
ከየስፌቱ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ተቀብሮ፤
የድግሱም የሱባኤውም ብናኝ፣ የሀብታሙም የድኻውም፤
የማን እንደሆነ፣ ወፍጮውም አያውቀውም።
አንድ ጣሳ ገብቶ፣ ሦስት ጣሳ ወጣ።

ከንፈሯን አየሁት፤ «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?»
ሳትል አልቀረችም።
ደንቆሮ መሆንም አንዳንድ ቀን መልካም ነው፤
ጆሮዬን በጣቴ ነክቼ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፤
ሞተሩን አጠፋሁ።