ከፈረቃው በፊት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሊመጣ ነው፤
የማራኪን ዳገት ሲወጣ ካየነው
አሥራ አንድ ቀን ሆነው።
የእትዬ እንጉዳይ ቱቦ ግን ከደጅ ተቆርጧል፣
አጥር ሲቆፍሩ ዶማ ነክሶት ሄዷል።

ረዳቴ ሽባባው፣ ከቴክኒክና ሙያ አምና የተመረቀ፣
የወረቀቱ ቀለም እንኳ በወጉ ያልደረቀ፣
«በእሳት እንበይደው» አለኝ፣ «አፍ ለአፍ ቀልጠው
ሁለቱ አንድ አካል ይሁኑ፣ ማንም ላይለያቸው።»

ልክ ነው። ብየዳ የቁርባን ጋብቻ ነው፤
ከመጋዝ በቀር ማንም አይፈታው።
ግን መብራት ጠፍቷል። ማቅለጫው ብረት
ከሣጥኑ ተኝቷል እንደ ወንዝ ድንጋይ በርዶት፤
ከላይኛው ጫፍ ደግሞ የቀረች እርጥበት
ጠብ ጠብ ትላለች፣
እርጥብ ፕላስቲክ እሺ አይልም ለእሳት።

ባለ ብሎኑ አለ፣ የሰማንያው ዓይነት፣
ጎማና ቀለበት ምስክር ያቆሙለት፤
በመፍቻ ይጠብቃል፣ በመፍቻ ይፈታል፣
ቀን ከከፋ ደግሞ ንብረት ይካፈላል።
የሚሸጠው ፒያሳ። ሱቁ ተዘግቷል።
ባይዘጋስ? የእትዬን መቀነት አውቀዋለሁ፣
ዋጋውን ከመንገር ዝምታ እመርጣለሁ።

ካላማዳሪያ አለ፣ ከባጃጅ ጎማ የተረፈ፣
«ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ስንት ክረምት ያለፈ፤
የደሞዝ ሚስት ማለት እሱ ነው፤ አዘዞ ድረስ
ስንት ግቢ አውቃለሁ በሽቦ ታስሮ የሚፈስ።

እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ይሰሙን ኖረዋል።
«ሦስቱንም አግብቻለሁ» አሉ፣ «ሦስቱም አፍስሰዋል።
ይልቅ ሌሊቱ አለቀ፤ እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

እጄ ላይ ያለው
ጥርሰ ብዙ ነሐስ፣ አንድ ጣት የማይሞላ፣
አንድ የዛገ ክላምፕ፣ አንድ ደህና ሌላ።
ቱቦው ግን ፀሐይ ያደረቀው፣ ብርድ ያጠነከረው፣
አፉን አልከፍት አለ፣ ብገፋው ብመክረው።
«ፍል ውሃ ቢገኝ...» አልሁ፣ አንገቴን ሰብሬ፣
ከደረቀ ቤት ውሃ መለመን አፍሬ።

ፔርሙዛቸውን አመጡ፤ ለሌሊት ሳላቸው
ያቆዩዋት አንዲት ብርጭቆ ነበረቻቸው።
ጫፉን ነከርሁት። ስልሳ ቆጠርሁ፣ በዝግታ።
ለሰሰ። እንደ ጡት ልጅ አፉን ከፈተ፣
የነሐሱን ጥርስ አንድ በአንድ ጎተተ።
ሽባባው ክላምፑን በካቻቢቴ አጠበቀ፤
የብየዳ ነገር ከአፉ ላይ ራቀ።

ዘጠኝ ሆነ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፤
ቱቦው እንደ እትዬ ሳለ፤ ቀጥሎ ዝገት ወጣ፣
ከዚያ ውሃ።
ያ ሁሉ ጀሪካን ተሰልፎ፣
ቀድመው የሞሉት ፔርሙዙን ነው፣ በቀዝቃዛው፣ እንዲሁ።

ባትሪዬን አበራሁ። ከዛገው ክላምፕ ሥር
አንዲት ጠብታ ወጥታ ነበር።
አልወደቀች። አልደረቀች።
ሩብ ዙር አጠበቅሁ፤ እዚያው ናት።

«ይዟል?» አሉኝ።
«ይዟል» አልሁ፤ ባትሪውን አጠፋሁት።