በአንድ መርፌ ላይ

ከመሳቢያው ወለል፣ ከናፍታሊን ሽታ፣
አንዲት ግራጫ ክንፍ፣ በመርፌ ተወግታ፣
ስልሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተዘርግታ።

ግንድ ላይ ብታርፍ ኖሮ ቅርፊት ነው የሚሏት፣
ልብስ ላይ ብታርፍም አመድ ነሽ ብለው የሚያራግፏት።

ጥፍር የምታህል ከሥሯ ወረቀት፣
«ማኒቶባ» ትላለች፤ ሐምሌ፤ የበርች ደን፤ ሌሊት።
ከዚያ በታች ሌላ፤ የመጀመሪያው ስም፤
ከዚያም በታች ሌላ፤ እሱም አልበቃትም።

ዛሬ የኔ ተራ ነው። ከኦታዋ መጣልኝ፣
«ወገኗ ተለውጧል፣ አዲስ ጻፍ» የሚለኝ።
አንድ እግሯን ነቅለው፣ ፈጭተው፣ አንብበው፣
«የእነዚያ አይደለችም፣ የእነዚህ ናት» ብለው።

አስተኔዋስ ያው ነው፤ ከምድር ለኪዎቹ፣
ትል ሳሉ ቅርንጫፍ በስንዝር ሰፋሪዎቹ።
ወገኗን ብቻ ነው ያጣችው፣ ያገኘችው፤
እሷ ባልቆመችበት ችሎት ነው ያለቀው።

ስም ያወጣላትስ፣ ድሮ የሞተው ሰው፣
ስሙን በቅንፍ አጥር ዙሪያውን ከበብነው።
ሕጉ እንዲህ ነው፦ ልጅህ ወገን ስትቀይር፣
አባት ትባላለህ፣ ግን ከአጥር ውስጥ እደር።

በጅምላ ሲጠሯት የእሳት እራት ነበረች፤
ለእሳት ምኑ ነው የማን ልጅ እንደሆነች?

በማርማላታ ብልቃጥ፣ በዐሥራ አራት ዓመቷ፣
ይዛ በፖስታ የላከች፣ ሳታውቅ እናቷ፣
«ሄድዊግ ራይመር» ይላል፣ የያዘቻት ልጅ ስም፤
ደወልኩ። በዚያ ስም ዛሬ የሚያውቃት የለም።
ፍሪሰን ሆና ነበር፤ ኋላ ደግሞ ዱሻርም፤
ሣቀች፤ «በቃኝ» አለች፣ «አራተኛ አልሻም።»

የተማሪ አውቶብስ ሠላሳ ዓመት ነድታ፣
አሁን ስታይንባክ ዳር፣ በረንዳዋ ላይ አንሶላ ዘርግታ፣
መብራት ታበራለች ማታ ማታ።

ነገርኳት፤ «ያቺ የያዝሻት፣ ወገኗ ተቀየረ።»
ዝም አለች። ከስልኩ ማዶ አንዳች ነገር በረረ፤
አምፖሉን ሲመታው ይሰማኝ ነበረ።
«ማን ነገራት?» አለች፤ «መጥታለች አሁንም፤
አንሶላው ላይ ናት፤ ምንም አልመሰላትም።
ቆይ፣ መብራቱን ላጥፋ።»

እኔ ግን የኔን መብራት ወደ ገበታው ሳብኩ፣
በቀጭን ብዕር፣ በሩዝ ፍሬ ፊደል ጻፍኩ።
አሮጌውን አንጥልም፤ ስም በስም ላይ ይደራረባል፣
መርፌው አንድ ነው፣ ሁሉንም ይሸከማል።
ጣቴ ላይ የክንፏ ትቢያ፤ በሱሪዬ ጠረግሁ፤
ከሁሉም በታች አድርጌ ሦስተኛውን ሰካሁ፤
«ሄድዊግ ራይመር» የሚለውን አልነካሁ።