ሦስተኛው ቁልፍ

ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው፤
አንዷ ሴት ከቀረች ማንም አይከፍተው።
አንዱን ቢ ምጌኒ፣ አንዱን ቢ ዙዌና፣
ሦስተኛው እኔ ጋ፣ ከሽርጤ ጫፍ ተቋጥሯልና፣
እኔ ካልፈታሁት ሣጥኑ ድንጋይ ነው፣ ገንዘቡም ደመና።

እቁብ በሉት፣ ማኅበር፤ አሥራ ሰባት ነን።
ፔምባ ላይ፣ ውቅያኖሱ ሲሸሽ ተከትለን ወርደን፣
ከችካል ችካል ገመድ ወጥረን
አረም እንዘራለን።
አዎ አረም፤ የባሕር አረም፤ አትሳቁ፣
ሌላው ነቅሎ የሚጥለው ነው ለኛ ወርቁ።
ደርቆ ጆንያ ሲሞላ ነጋዴው በጀልባ ይመጣል፣
ለሳሙና ነው፣ ለመድኃኒት ነው ይላል፤
ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ደገፍ አድርጎ ይመዝናል።

አንድ ዓመት አረሙ ነጣ።
ጫፉ ቀድሞ፣ ግንዱ ቀጥሎ፤
ስንነካው እንደ ራሰ ወረቀት እጃችን ላይ ቀረ ቀልጦ።
«ዓይን በልቶት ነው» አለች አንዷ፤
«ጂኒ ነው» አለች ጎረቤቷ።
እኔ ነጋዴውን ረገምኩ፤ እሱን መርገም የቆየ ልማዴ፤
ሹፋአ ግን፣ የሟች እህቴ ልጅ፣ ያሳደግኳት በክንዴ፣
ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ በር ላይ ቆማ፣
«የውሃው ሙቀት ስንት ነው?» አለች፤ ማንም መልስ ሳይሰማ።
«ይፋጃል» አልኳት።
«ይፋጃል እኮ ቁጥር አይደለም፣ አክስቴ።»
ቃሏ እንደ ባሕር ጃርት እሾህ ሰነበተ ከተረከዜ።

አስተማሪዋ ነግረዋታል፦ ቴርሞሜትር፣ የጨው መለኪያ፣
ያገለገለም ቢሆን ማይክሮስኮፕ፣ የደቃቁን ዓለም ማያ።
ከሣጥኑ ብድር ጠየቀች። ዋስ የላት፤ ዋሷ ደብተሯ።
ቢ ዙዌና ቁልፏን አወጣች፤
ቢ ምጌኒም፣ እየተነጫነጨች፣ በተራዋ።
ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ።

የዚያ ዓመት ዕጣ የኔ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት።
ጣሪያዬ ወንፊት ነው፤ አዲሱን ቆርቆሮ በሐሳቤ ስንቴ መታሁት!
«ሴት ልጅ ባሕር ለክታ የት ልትደርስ?» አልኩ፤ ዋሸሁ፤
የቆርቆሮዬ ነገር ነው። ቋጠሮዬን ጨብጬ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ከልጅቷ ጋር በዝምታ ዋልን፣ በዝምታ አደርን።
በአራተኛው፣ ቀትር ላይ፣ ከገመዱ መሃል ቆሜ፣
ባሕሩ ቁርጭምጭሚቴን ሲልጠው፣ ራሴን ጠየቅኩ፦
ከትናንት ይብሳል? ካምና? ካገባሁበት ዓመት?
ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆሜ አንድ ቁጥር አልያዝኩም።
እግሬ ያውቃል፤
እግሬ ግን አይጽፍም።

ማታ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት።

ከዚያማ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቢ ዙዌና ደጅ፣
አምስት ልጃገረዶች፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ፤
እኛም ተራ በተራ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን፣
አረሙን የበላውን አየነው፤ ጂኒ አይመስልም፤ ቀንድ የለውም።
ሦስት ወር ለኩ። ጻፉ። ተጨቃጨቁ። ደግመው ለኩ።
በመጨረሻ ሹፋአ ተነሥታ፣ «ውሃው ከጥልቁ ይቀዘቅዛል፤
ገመዱ ወደዚያ ይውረድ» አለች።

ዝም አልን።
ከአሥራ ሰባታችን አንዳችንም ዋና አናውቅም።
ከባሕር ዳር ተወልደን፣ ውሃው ከወገብ ሲያልፍ
ተመለሺ፣ ተመለሺ ተብለን ያደግን።

እሷ ሳይንስ ልትማር፣ በአምሳ ሁለት ዓመቴ እኔ ዋና!
ቢጫ ጀሪካን ታቅፌ፣ ከነልብሴ፣ እግሬን እየወራጨሁ፤
ቢ ምጌኒ ግማሹን ውቅያኖስ ጠጥታ
ግማሹን ተሳድባ ወጣች።

ሁሉም አልሰመረም። ማዕበል ግማሹን ገመድ ወስዶታል።
ነጋዴውም ያው ነው፤ አሁን ግን ሲመዝን
አንዲት ልጅ እርሳስ ይዛ አውራ ጣቱን ታያለች።

ጣሪያዬ? ዛሬም ወንፊት ነው።
ትናንት ሌሊት ሲዘንብ፣ ሹፋአ ጣሳዋን ይዛ ተነሣች፤
ከሚያንጠባጥበው ሥር ታኖርልኛለች ስል
«ይሄ የጣሪያሽ ነው እንጂ የዝናቡ ልክ አይደለም»
ብላ ወደ ደጅ አወጣችው።
ጠዋት ደብተሯ ላይ፦ አርባ ሁለት ሚሊሜትር።
እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከገጹ ጥግ፣
የቤቴን አስጻፍኳት፦
አንድ ባልዲ ተኩል።