የሰርግ ካሜራ

ሥራዬ ሙሽራ ነበር።
ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከማንጎው ጥላ ሥር ሱቄ፣
"ፈገግ በሉ" ማለት ነው ሙያዬ፣ እሱንም በልምድ አውቄ።

በዚያ ኅዳር ግን ባለ ቀጠሮዎቹ ተራ በተራ ደወሉ፣
"እስቲ ትንሽ ይቆይ" አሉ።
ቀጥሎ ስልኩ ጠፋ፤ ቀጥሎ መብራቱ ጠፋ፤
ባንኩ፣ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ባንድ ሌሊት ተጠራርጎ ጠፋ።
ጧት ስንነሣ ከተማው የሌላ ሰው ነበር።

ካሜራዬን ማሾ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት፤
በሦስተኛው ቀን አላስችል ቢለኝ እጄን ሰድጄ አወጣሁት።
ባትሪው ሦስት መስመር ይላል።
ለአንድ ሰርግ አይበቃም።
ለዚህኛው ስንት እንደሚበቃ ማን ያውቃል?

በመጋረጃዬ ቀዳዳ፣ ማንንም ቁም፣ ተቀመጥ ሳልል፣
"ወደ ብርሃኑ ዞር በይ፣ ቬሎሽን ያዝ አድርጊ" ሳልል፣
የመጣውን ቀዳሁ።

እትዬ ዘርትሁን ሽንኩርት ዘርግታለች። ገዢ የለም።
አንድ ኪሎ መዝና ትደፋለች፤ ደግሞ ትመዝናለች።
እጇ እንዳይረሳ ይሁን፣ ሚዛኑ እንዳይዝግ፣ አልጠየቅኳትም።

መዲና የደጇን ደረጃ ነቅላ ገለበጠችው፤
ለካ የአማቷ ወፍጮ ነው፣ ሲረገጥ የከረመው።
የሞተሩ ወፍጮ ናፍጣ የለውም። ስድስት ሴት ተሰልፏል።
አንዷ ትስቃለች፣ የመጁ አያያዝ ጠፍቶባት፤
ሌላዋ መንገዱን እያየች ትቆነጥጣታለች።

ሙአዚኑ ያለ ድምፅ ማጉያ ያዛናል፤
ለካ ድምፁ ቀጭን ነው። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ አላውቅም።

ልጆች ፍተሻ ይጫወታሉ። አንዱ ዱላ ታጥቋል፣ ሌላው እጁን ሰቅሏል።
ትንሹ፣ ኪሱ ውስጥ ምንም ስላልተገኘ፣
አልቅሶ ቤቱ ገብቷል።

የጌጡ ጸጉር ቤት ከማዶ ነው። በሩ ተመታ፣ ከፈተ።
ፂሙ ገና ያቆጠቆጠ ልጅ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ፣
አንገቱን ሰጠ።
አረፋ። ምላጭ።
ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው፣ አልቆረጥኩትም፤
ምላጩ ጉሮሮው ላይ ቆሟል፤ የመንገድ ውሻ እንኳ አይጮኽም።
ከዚያ ላጨው። አጣርቶ። ጆሮ ግንዱን ሳይቀር።
"ስንት ነው?" ሲል ከንፈሩ ይታያል።
ጌጡ በጣቱ አሳየው፣ የወትሮውን ዋጋ።
ልጁ ከፈለ። ወጣ።
ጌጡ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠና
መስታወቱን ፎጣ አለበሰው።

አያ ሽብሩን ጥይት አልነካቸውም።
የስኳር መድኃኒታቸው ቀዝቃዛ ይወዳል፤
በዚህ ቆላ፣ ያለ ፍሪጅ፣ ስምንት ቀን ብቻ ተሸከማቸው።
አራት ሰው አንሥቷቸው አለፈ፤ ሙሾ የለ፣ የእድር ጥሩምባ የለ፣
በግንቡ ጥግ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሌባ።
የልጃቸውን ሰርግ የቀረጽኩ እኔ ነኝ፤ ያኔ ፊታቸውን
በሙሽራዋ ቬሎ ጋርጄዋለሁ። አሁንም አይታይም።
እዚህ ላይ ባትሪው አለቀ።

የቀሩትን ቀናት ያየሁት በዓይኔ ነው፤
የዓይን ደግሞ ወደ ኋላ አይጠነጠንም።

ኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ያሳየሁት ሰው "ጥሩ ነው" አለኝ፣
"ብቻ... ጦርነቱ የታለ?"
ወደ ምላጩ መለስኩለት። ደግሜ መለስኩለት።
ሻዩን ፉት አለ። "ታንክ ምናምን የለህም?"

ጥር ሄዶ ጥር መጣ፣ ሰርጉም ተመለሰ።
ጌጡ ሙሽራውን ሲላጭ ቅረጽ ተብዬ ቆሜ
"ፈገግ በሉ" አፌ ላይ ደረቀ፤
ሚዜው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፦ "ሙሽራውን እንጂ፣
ምን ይሠራልሃል፣ ጎበዝ፣ የሰውዬው እጅ?"