ፋቂ ሰፈር

ይርሳው ነበር ስሙ፣ የእድሩ ጸሐፊ፤
ባንድ እጁ ብዕር ያዥ፣ በሌላው ቆዳ አልፊ።
እናቱ ሁለት ቀብራ፣ ሦስተኛው ሲወለድ፣
«ይኼንንስ ይርሳው» ብላ ሞትን ስትማልድ፣
ልመናው ስም ሆኖት ቀረ።
ሞትም ቃሏን ሰማ፤ ሰማንያ አንድ ዓመት ረሳው፤
የሞተውን ሁሉ ያልረሳ ግን እሱ ነው፣ ይርሳው።

ከነገሥታቱ ግንብ ቁልቁል፣
የአስጎብኚ ጃንጥላ ከማይደርስበት፣
ከአንገረብ ዳር፣ ከሰው በፊት ሽታው ከሚቀበልበት፣
ስድሳ ሦስት አባወራ፣ አንድ ቦኖ፣ አንድ ድንኳን፣
ዘጠኝ ብረት ድስት (አንዱ ቀዳዳ ነው)፤
ይኼ ነው ሰፈራችን።

ላይኛው ጎንደር ታሪክ አለው፣ በብራና፣ በቀይ ቀለም፤
የንጉሡ ስም አለ፣ የፈረሱም ስም አለ፣
ብራናውን የፋቀው ግን የለም።

የእኛ ታሪክ ያለው በይርሳው መዝገብ ነው፤
ሽፋኑ የፍየል ሌጦ፣ ራሱ ያለፋው።
ገቢ በግራው ገጽ፣ ወጪ በቀኝ፤
ከወጪው ግርጌ ግን፣ ሒሳብ መርማሪ ቢያየው
«አይመለከተንም» ብሎ የሚሰርዘው አንዳንድ መስመር አለው።

«ኅዳር ፲፪። እናና ጓንጉል። ለሣጥን አርባ ብር።
ለልጆቻችን ሸንኮራ ሳትይዝ ከገበያ ተመልሳ አታውቅም ነበር።»

«ሰኔ ፫፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። ደርበው ሙጩ። ድንኳን አልተከልንም።
ማልቀስ ስለተከለከለ፣ ወጪ የለውም።»

«ጥር ፳፩። ታከለች ፈንቴ፣ ሸክላ ሠሪዋ።
ተዝካሯን የምንጠጣው ራሷ በሠራችው ጋን ሆኗል።»

«ምትኩ ባዩ መዋጮ ካልከፈለ ሦስት ወር አልፏል።
አትጠይቁት። ልጁ ታማለች። እኔ ሞልቼዋለሁ» ይላል።

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ ቀበሌው ሰሌዳ ይዞልን መጣ፤
አረንጓዴ ቀለም፣ ነጭ ጽሕፈት፦ «ብርሃን ሰፈር»።
ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ለምን አያጨበጭቡ?
«ፋቂ» ተብሎ ያልተሰደበ ማን አለ በዚህ አገር?
እኔ ራሴ፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፍቶ፣
ሦስት ዓመት ሙሉ ዴስክ ለብቻዬ ይዣለሁ፤
አልዋሽም፣ አጨብጭቤያለሁ።

ያኔ አንጓች ተነሣች፣ የይርሳው ምሽት፤
መዝገቡን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ።
«አሳምራችሁ ፋቃችሁን፣ ልጆቼ፤ እጃችሁ ይባረክ።
ባሌ ቆዳ ሲፍቅ ግን፣ የሚነሣው ጠጕሩ ነበር፤
ቆዳውን ራሱን ፍቆ የጨረሰ
በዚህ ወንዝ ዳር አላየሁም።»

የቀበሌው ሰውዬ ሰዓቱን አየ።
እጅ ወጣ፤ ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ።
አንዱ አባወራ ጭልጋ ነበር፣ ለቅሶ ሄዶ።
ሰሌዳው እስከዛሬ የቦኖው አጥር ላይ ተደግፏል፣
ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ።
ማታ ማታ የአዝመራው ዶሮዎች ይሰፍሩበታል።

መዝገቡ አሁን እኔ ዘንድ ነው።
ቅዳሜ ከሰዓት፣ እድር ቤቱ ደጃፍ፣
ልጆቹን ሰብስቤ አንዳንድ ገጽ አነብላቸዋለሁ።
የአያታቸው ዕዳ ሲነበብ ይስቃሉ፣
የደርበው ገጽ ሲደርስ ዝም ይላሉ፤
ለምን ዝም እንዳሉ ገና አያውቁም።
ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

አይጥ እንዳይቀድመኝ ብዬ መዝገቡን ስገለብጥ ነው
ያን መስመር ያገኘሁት።
የታመመችው ልጅ እኔ ነበርኩ።
አባቴ አልነገረኝም። ይርሳውም፣ አርባ ዓመት
በጠዋት ሰላምታ ሲሰጠኝ፣ ትንፍሽ አላለም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ በራሴ እጅ ጻፍሁ፦
«መጋቢት ፱። ይርሳው እንየው። ለሣጥን ስድስት ሺህ ብር።»
ከግርጌው ምን ልበል? ብዕሩ ቀለም እስኪያንጠባጥብ ያዝሁት፤
ነጠብጣቡም አለ፣ አልፋቅሁትም።

ከዚያ ወደ ግራው ገጽ ዞርሁ፦
«ከምትኩ ባዩ፣ የሦስት ወር መዋጮ፣ በልጁ እጅ።
ስድስት ብር። ገቢ ሆኗል።»